ፊርማ የሌለው ሥዕል፤ የጭሮ ሴቶችና የዘመናዊ ጥበብ በር

በጭሮ መንገዶች ግራና ቀኝ ገና ያልወረዱ የድሮ ታፔላዎች አሉ። ቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ የሥጋ ቤት በሬ፣ የጸጉር ቤት ጎረምሳ፣ የጁስ ቤት ማንጎ። ከታች ጥግ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል፣ የሠሪው ስም ከስልክ ቁጥሩ ጋር ይጻፋል። ታፔላ ሠሪ ቀጣይ ደንበኛውን የሚያገኘው በዚያች ጥግ ስለሆነ ፈጽሞ አይዘነጋትም። በዚያው ከተማ፣ ሠርግ በሚበዛበት ሰሞን፣ አንዲት ወጣት የሙሽራ እጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከጣት ጫፍ እስከ ክንድ ድረስ ሂና ትሥላለች። ቀድማ በእርሳስ አልነደፈችም። ቅጠሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታጠፍ፣ ሐረጉ አንጓ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚቀጥን የምታውቀው እጇ ነው፤ ከፈሰሰ በኋላ የሚታረም መስመር የለም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራው በውኃና በሳሙና ይደበዝዛል፤ ስሟ የትም አልሰፈረም።

ሁለቱም በመሣል እንጀራቸውን ያበስላሉ። ከተማው ሠዓሊ ብሎ የሚጠራው ግን ታፔላ ሠሪውን ነው።

ስለ ሴት ሠዓልያን ሲነሣ የምንቆጥረው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሱትን ነው። ስንት ሴት ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀች፣ ስንቷ ዐውደ ርእይ አቀረበች፣ የስንቷ ሥራ ባሕር ተሻገረ እንላለን። ቆጠራው ያስፈልጋል፤ እዚህም ጥቂት ስሞች እጠራለሁ። ነገር ግን ወንፊቱ ማንጠርጠር የሚጀምረው የት ነው? ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ጭሮ፣ ከሌሎቹም የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ከገለምሶ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳና ከሚኤሶ ሆነን ስናየው ሥራው የሚያልቀው አዲስ አበባ ሳይደረስ ነው። የዚህች አገር ልጅ ሥዕሏን ይዛ ሄዳ ዳኛ አልጣላትም። ከበሩ ፊት የሚያደርሰውን መንገድ ራሱን አላገኘችውም።

ጭሮ ከጥበብ ጋር ያላት ዝምድና ቀላል አይደለም። አሰበ ተፈሪ ተብላ በተቆረቆረችበት ዘመን የአካባቢው የጨርጨር ግዛት ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ የተማሩት እኚህ ሰው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ናቸው፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ጨርጨርን ለሌላው ግዛት አርአያ የሚሆን አስተዳደር ለማድረግ ብዙ ደክመውባታል። ከተማዋ የመጀመሪያውን ተውኔት በጻፈ ሰው እጅ ቢደራጅም፣ በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአማርኛ ተውኔት መድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ ነበር። ሴት ትታሰባለች፣ ትጻፋለች፣ ትተወናለች፤ እሷ ራሷ ግን መድረኩ ላይ የለችም። የሥዕሉ ነገር ከዚህ የራቀ አይምሰለን።

ከሐረርጌ የወጣውን ታላቅ ዘመናዊ ሠዓሊ መንገድ ከሥሩ እንመልከት። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበርና ልጁ ቀለም ሲበጠበጥ ያየው ቤቱ ውስጥ ነው። ኋላ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፣ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ረቂቅ ሥዕልን ከአገሩ ተመልካች ጋር አስተዋወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ላይ አረፈ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ተሰጥኦው የራሱ ነው፤ ያንን የሚቀንስ ቃል የለኝም። የመጀመሪያው እርምጃ ግን የተወረሰ ነው። የቤተ ክህነት ሥዕል ለዘመናት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ሴት ልጅ ያንኑ ቀለም ታያለች፤ ብሩሹን የሚያቀብላት ግን የለም።

ታፔላ ቤቱ ዓለማዊ ቢሆንም ሥርዓቱ ያው ነው። ልጁ በአሥራ ሦስት፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ይገባል። በመጀመሪያ ቆርቆሮ ያጥባል፣ ዝገት ይፍቃል፣ መደብ ቀለም ይቀባል። ቀጥሎ በጠመኔ የተቀባ ክር ወጥሮ መስመር መምታት ይማራል። ከዚያ ጌታው የነደፈውን ፊደል ውስጡን ይሞላል። በሬውንና ጎረምሳውን እንዲሞክር የሚፈቀድለት ዓመታት ቆይቶ ነው። በመሐሉ መሰላል ላይ ወጥቶ የሆቴል ግድግዳ ይጽፋል፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ያመሻል፣ ሥራ ሲገኝ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ገለምሶ ወይም መቻራ ሄዶ ያድራል። ሴት ልጅ አትግባ ያለ የለም። ነገር ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን ለዚህ ኑሮ የሚልክ ወላጅ ማን ነው? ወላጁን አልወቅስም። የሚፈራው ነገር በመንገዱ ላይ በእውነት አለ። የሙያው መማሪያ ሌላ ደጅ ስለሌለው ግን ፍርሃቱ የልጅቷ ዕጣ ሆኖ ይቀራል።

በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይህንን የአባትና የልጅ ሰንሰለት የሚበጥስ ተቋም ነበር። ዛሬ በመሥራቹ ስም ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይኸው ትምህርት ቤት ነው። ሠዓሊ ደስታ ሐጎስ ከዚያ የተመረቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራዎቻቸውን ለብቻቸው በዐውደ ርእይ ሲያቀርቡም ከኢትዮጵያውያት የሚቀድማቸው አልነበረም። ከዚያ ካሊፎርኒያ ተምረው ተመለሱ፤ ብሩሻቸውንም ሳያስቀምጡ አሥርት ዓመታት ዘለቁ። እስክንድር ቦጎስያን፣ ገብረ ክርስቶስና አፈወርቅ ተክሌ የዘመኑ ስሞች በነበሩበት ከተማ አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን ግድግዳ ሞልታ መቆሟ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ዛሬ ላይ ሆኖ መገመት ይከብዳል። የእነዚያን ሦስት ሠዓልያን ስም በቃሉ የሚያውቅ የጭሮ ተማሪ አይጠፋም። የእሳቸውን ስም ስንቱ ያውቃል?

ከበደች ተክለአብም በዚያው ትምህርት ቤት ነበሩ። ቀይ ሽብርን ሸሽተው በእግር ወደ ጂቡቲ ሲያመሩ በሱማሌ ወታደሮች ተያዙ፤ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም በሱማሌ የእስር ካምፖች ማቀቁ። የሥዕል ትምህርታቸውን የጨረሱት ከእስር ወጥተው አሜሪካ ከገቡ በኋላ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሠዓሊም ገጣሚም ሆነው፣ ወጣቶችን በማስተማር ኖረዋል። ይህንን ታሪክ የምሥራቁ ሰው የእኔ ብሎ ሊያነበው ይገባል። የሸሹበት አቅጣጫ የእኛ አቅጣጫ ነው፤ በኢትዮጵያና በሱማሌ ጦርነት ማግስት ስንት የሐረርጌ ቤተሰብ ሰው እንደጎደለበት ሁላችንም እናውቃለን።

ከኋላቸው የመጡትን ስናይ ሥዕሉ ይደምቃል። መሪኮከብ ብርሃኑ ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ተመርቃ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢያናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ላይ ተሳትፋለች። አይዳ ሙሉነህ በፎቶግራፍ ዓለም አቀፍ ዝናን ካተረፈች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። ትዝታ ብርሃኑና ሰሎሜ ሙለታ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው የሴትን የቤት ውስጥና የልብ ውስጥ ሕይወት በድፍረት ይሥላሉ። በልጅነቷ ከአዲስ አበባ የወጣችው የጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ላይ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ በአፍሪካ የተወለደ ሠዓሊ ሥራ እስከዚያ ጊዜ በጨረታ ያገኘው ትልቁ ዋጋ ሆኖ ነበር። ሥዕል የሚታይበትን ቤት ራሱን ከሠሩትም መካከል ሴቶች አሉ፦ አስኒ ጋለሪን ያቋቋመችው ቆንጂት ስዩም፣ ከሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ጋር ዞማ ሙዚየምን ያቆመችው መስከረም አሰግድ፣ አዲስ ፋይን አርትን ከመሠረቱት አንዷ ራኬብ ስሌ፣ ነጻ የጥበብ መንደርን ካቆሙት አንዷ ምሕረት ከበደ። ያም ሆኖ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ቬኒስ ላይ ስትከፍት የተወከለችው በወንድ ሠዓሊ በተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። ተስፋዬ ለዚያ ይበቃል። ቀጣዩ ድንኳን ግን የሴት ይሁን ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

እነዚህን ስሞች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ብዙዎቹ አዲስ አበባ የተወለዱ ወይም ያደጉ፣ አለዚያም ውጭ አገር የተማሩ ናቸው። ሥዕል ረጅም ያልተከፈለበት ጊዜ ይፈልጋል፤ ያንን ጊዜ የሚሸፍን ወላጅ፣ ትምህርት ቤት፣ ስኮላርሺፕ ወይም ገዥ ከሌለ ተሰጥኦ ብቻውን አይዘልቅም። በጭሮ የአንዲት ወጣት ጊዜ ቀድሞ ተይዟል። ጠዋት ጫት ተራ ከእናቷ ጋር፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት፣ ማታ ውኃና ምጣድ። የምዕራብ ሐረርጌ ገበያ በሴቶች ትከሻ ላይ የቆመ መሆኑን ለማወቅ ገለምሶ ወይም ሂርና በገበያ ቀን መዋል ይበቃል።

የሚገርመው ሥዕላችን እነዚህን የገበያ ሴቶች አጥብቆ መውደዱ ነው። ታደሰ መስፍን የሕይወት ምሰሶ አድርገው የሣሏቸው የገበያ ሴቶች ከዘመናችን ምርጥ ሥራዎች መካከል ናቸው፤ ቆመው፣ ረዝመው፣ ከብደው፣ በክብር ያዩናል። ሠዓሊው ያከበሯቸው ከልብ መሆኑ ከእያንዳንዱ ሸራ ይታያል። ጥያቄዬ ወደ እሳቸው አይሄድም፤ የሚሄደው ወደ ቀሪው ግድግዳ ነው። ያቺ ሴት ሚዛኑ ጀርባ ቆማ የምታየውን፣ ገዥው ፊት ላይ የምታነበውን፣ ከሰዓት በኋላ ዕቃው ሲጠወልግ የሚሰማትን ከውስጥ ሆኖ የሣለው ማን ነው? ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ የሚያሳይ አኃዝ አለ። ጎሪላ ገርልስ የተባሉ የኒው ዮርክ ሴት ጥበበኞች እ.ኤ.አ. በ1989 ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብተው ቆጠሩ። በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ክፍሎቹ ከቀረቡት ጥበበኞች ሴቶች ከ5 በመቶ በታች ነበሩ፤ ራቁት ከሚታዩት ምስሎች ግን 85 በመቶው የሴት ነበር። በሸራ ላይ መታየትና በሸራ ፊት መቆም ለየቅል ናቸው።

እንግዲህ ሴቶቻችን ምን ይሥሉ ነበር? መልሱ ያለው በየቤታችን ግድግዳና በየሠርጋችን ስጦታ ላይ ነው። ስፌት የሚጀመረው ከመሐል ነው። ጣት የማትሞላ የሣር ጥቅል ትታጠፍና በወስፌ እየተበሳች፣ ቀለም በተነከረ ሣር ትጠመጠማለች። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይሰፋል። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ከመሐል ያስነሣች ሴት ሃያኛው ዙር ላይ ስትደርስ እያንዳንዱ ጫፍ ስንት ጥምጥም እንደሚወስድ፣ ቀዩ የት ቆሞ አረንጓዴው የት እንደሚገባ በአእምሮዋ ይዛ ትቆጥራለች። አንዲት ጥምጥም ብትስት ስሕተቱ በየዙሩ እየሰፋ ይሄዳል፤ ዳር ሲደርስ ኮከቡ አይገጥምም። ንድፍ ወረቀት ላይ አልተሠራም። ሕፃን ሲያለቅስ ይቆማል፣ ወጥ ሲያር ይቆማል፣ ከሳምንት በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ቁጥሩ ግን አይጠፋም። አንድ ትልቅ መሶብ ወራት ይፈጃል። አክርማውንና ሰንደዶውን ለቅማ፣ ሰንጥቃ፣ ቀለም ነክራ ያዘጋጀችውም ራሷ ናት። የምዕራብ ሐረርጌ ሴቶች በዛጎልና በጨሌ የሚያስጌጧቸው የወተት ዕቃዎችም እንደዚሁ ዓይንና ስሌት የተዋሐዱባቸው ሥራዎች ናቸው።

ሐረር ላይ ደግሞ ይህ ጥበብ ተቋም ነበረው። ልጃገረዶች በአንዲት ታላቅ ሴት ሥር ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት ሞይ ጋር የሚባል ቤት ነበር። በሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ስፌቶቹ ግድግዳ ላይ በሥርዓት ይሰቀላሉ፤ እንግዳ ገብቶ ሲቀመጥ ዓይኑ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። መምህር፣ ተማሪ፣ የሥራ ደረጃ፣ ማሳያ ግድግዳ፣ ተመልካች፤ ሁሉም ተሟልቷል። የዘመናዊ ሥዕል ትምህርት አገራችን ሲገባ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ከአውሮፓ አካዳሚ ወሰደ። ከሴቶች ቤት ግን ብዙም አልወሰደም። በእኔ እምነት ይህ በሴቶቹ ላይ ብቻ የደረሰ በደል አይደለም፤ የኢትዮጵያን ረቂቅ ሥዕልም አጉድሎታል። ቀለምና ቅርጽን ከምስል ነጻ አውጥቶ ማሰብ በሐረርጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከየትኛውም ጋለሪ ቀድሞ ነበረ።

ስፌት ዕደ ጥበብ ነው፣ ሥዕል ሥነ ጥበብ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልዩነቱ ላይ መከራከር ይቻላል፤ እያንዳንዷ ስፌት የሠሪዋን የተለየ ሐሳብ ትይዛለች ማለትም ማጋነን ይሆናል። ብዙዎቹ የተለመደን ንድፍ ይደግማሉ። ታፔላውም ግን ያንኑ በሬ ሲደግም ኖሯል፤ ደጋሚው ስሙን ጽፎበታል፤ ከደጋሚዎቹ መካከልም አንዳንዱ አድጎ ወደ ሸራ ተሻግሯል። መሻገሪያ ድልድዩ የተሠራው ለእሱ ነው። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ የሚሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 ታላላቅ የአሜሪካ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ እያንዳንዱ ሥራ የሠሪዋን ስም ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ተቺዎች ስለ መንደሩ ልማድ ማውራት ትተው ስለ እያንዳንዷ ሴት ምርጫ ማውራት ጀመሩ። ኋላ ከጥቅም ክፍፍል ጋር በተያያዘ ክስ መነሣቱንም አንርሳ። ስም መጻፍ ያለ ውል ሙሉ ክብር አይሆንም። የእኛዎቹ ስፌቶች ከሠሪ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቱሪስት ሻንጣ ሲገቡ ስምም ውልም አይከተላቸውም።

በዚህ መሐል ማንም ሳያቅደው አንድ ነገር ተለውጧል። የቆርቆሮው ታፔላ እየቀረ ነው፤ ባነር ተተክቶበታል። ባነር ደግሞ መሰላል አይጠይቅም፣ ሌሊት ግድግዳ ላይ አያስመሽም። የሚሠራው ጽሕፈትና ኅትመት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነው፤ በየከተማው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሠርግ ካርዱን፣ የምረቃውን ባነር፣ የክሊኒኩን ማስታወቂያ የሚያቀናብሩት ብዙ ጊዜ ወጣት ሴቶች ናቸው። ፊደል ይመርጣሉ፣ ቀለም ያስማማሉ፣ ምስል ይቆርጣሉ። ያለ አስተማሪ ስለጀመሩት በአብዛኛው ከኢንተርኔት የወረደ ንድፍ ላይ ስም መለወጥ ይሆንባቸዋል። ለእነዚህ ወጣቶች ጥቂት ወራት የንድፍና የአይቶ መሣል ትምህርት ቢሰጣቸው የጭሮ መንገድ ገጽታ በአንድ ዓመት ውስጥ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ የሂርና ቡና መሸጫ ባነር ላይ የባዕድ አገር እርሻ ፎቶ ባላየን ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የክዋኔና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። በጽሑፍ ሲታይ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው ግን ክፍለ ጊዜ የጎደለው የሌላ ትምህርት መምህር ይሆናል፤ ፈተና ሲቃረብም መጀመሪያ የሚታጠፈው ክፍለ ጊዜ ይኸው ነው። ወንዱ ልጅ ያጣውን ከታፔላ ቤት ሊያሟላው ይችላል። ለሴቷ ይህ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። ይህንን የሚያውቅ ርእሰ መምህር ሰፈር ውስጥ ያለችን አንዲት የስፌት ባለሙያ እናት በወር አንድ ቀን ክፍል ጋብዞ፣ አበል ከፍሎ፣ ልጆቹ ወንድም ሴትም የኮከቡን ስሌት በወረቀት ላይ እንዲነድፉት ማድረግ ይችላል። ሒሳቡንም ሥዕሉንም በአንድ ጊዜ ይማሩታል።

ጭሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ስሙንም የወሰደው ከኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ሥፍራ ከኦዳ ቡልቱም ነው። የሥነ ጥበብ ዲግሪ ፕሮግራም ክፈት ብሎ መጠየቅ የረጅም ጊዜ ነገር ነው። አንድ አዳራሽ በዓመት ለሁለት ሳምንት ለዐውደ ርእይ መስጠት ግን ሩቅ አይደለም። ከዞኑ ወረዳዎች ስፌት፣ የተጌጠ የወተት ዕቃ፣ የሂና ንድፍ በወረቀት፣ የተማሪ ሥዕልና የባነር ሥራ ይሰብሰብ፤ በእያንዳንዱ ሥር የሠሪው ሙሉ ስም፣ የመጣበት ከተማና ዋጋው ይጻፍ። የታፔላ ጌቶቹም አብረው ይምጡ፤ ሙያቸው እየሞተ ነውና የሚያወርሱት ይፈልጋሉ። የሴቶች ብቻ ዐውደ ርእይ ይሁን አልልም። ጎን ለጎን ሲሰቀል ነው ዓይን የሚፈርደው።

ከዐውደ ርእዩ ሌላ ሁለተኛው ጉዳይ የአዲስ አበባው በር ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና እጅን ይፈትናል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠን ነገር አይቶ በእርሳስ መሣል ይጠይቃል። ይህንን ያልተለማመደች ልጅ ምንም ያህል ዓይን ቢኖራት ከተለማመደ የአዲስ አበባ ልጅ እኩል አትቆምም። ልምምዱ የሚጠይቀው ቅዳሜና እሑድ በቀን ብርሃን የሚከፈት አንድ ክፍል፣ ወረቀት፣ እርሳስና ከሰል፣ ቢቻል ሴት የሆነች አሠልጣኝ ነው። ሴት ትሁን ያልኩት ወላጅ ልጁን ያለ ሥጋት እንዲልክ ነው። ፈተናው ሲደርስ ደግሞ የመኪና መሳፈሪያና አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሌሊት የሚታደርበት የታወቀ ቦታ ያስፈልጋል። ለስፖርት ውድድር ተማሪ አሳፍረን፣ አሳድረን፣ መልሰን የምናመጣ ሕዝብ ነን፤ አሠራሩ እጃችን ላይ አለ። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም፣ ትምህርትና የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ የሚያስገቡት በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት ነው። ለአንድ ክፍልና ለአንዲት አሠልጣኝ የሚሆን መስመር በዚያ ዕቅድ ላይ ያስገቡ።